ለራስህ እንደምትሠራው

እኔ ትዝታ የሚሉትን ነገር አልወድም። ትዝታ የሥራ ፈት ምሳ ነው። ጡረታ የወጣ ሁሉ ጥግ ይዞ «ድሮማ» ሲል እሰማና፣ ድሮስ ምን ነበረህ እላለሁ በሆዴ። ያኔም ጫማህ ቀዳዳ ነበር፤ ያኔም ሚስትህ ትነጫነጭብህ ነበር። ይህን የምጽፈው ድሮ አምሮኝ አይደለም፤ ግራ ስለገባኝ ነው። ሰው ግራ ሲገባው ለሚቀርበው ያወራል። እኔን የሚቀርቡኝ አብዛኞቹ አፈር ለብሰዋል፤ የቀሩትም ጆሯቸው ደንቁሯል። ስለዚህ ለወረቀት አወራለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ ከጀርባዋ ተቀምጬ ነው፤ ያኔ ጢሜ መሸበት ጀምሮ ነበር። አጻጻፌ ቢንሻፈፍ ታገሡኝ። ካልታገሣችሁም ተዉት።

ባለፈው የገበያ ቀን ቆቦ፣ በሽንኩርት ተራ በኩል ሳልፍ፣ ጆንያ ላይ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ «አንተ አልጋ ወራሽ» ብሎ ጠራኝ። ቆምኩ። በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰው ቆቦ ውስጥ የለም። የወጣልኝ አሰብ ነው፤ ሥራዬ አልጋ መጠፈር ነበርና። የእንጨት አልጋ እሠራለሁ፤ መኻሉን በቆዳ ጠፍር ወይ በገመድ እወጥረዋለሁ። ሥራ የፈቱት የወደብ ወዛደሮች «አልጋ ወራሹ መጣ» ይሉኝ ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ቀልድ ያሳስራል ይባል ነበር፤ እኛን ግን ማን ሰው ብሎ ይሰማናል።

«ማነህ አንተ?» አልኩት።

«ሰይድ ነኝ። የአያ ሁሴን ልጅ። ጎረቤትህ፣ አሰብ። ጥርስህን የት አደረግከው?»

«አንተ ፀጉርህን ያደረግክበት።»

ተቃቀፍን። ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ዋጃ ነው ያለው፤ አባቱም ከዋጃ ነበሩ። መስኖ ገብቶለት ሽንኩርት ያመርታል። አጠገቡ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩና፣ እንግዲህ ያልወደድኩት ትዝታ ማንም ሳይጠራው መጣ።

አሰብ የወረድኩት በትሬንታ ኳትሮ መኪና፣ ጭነት ላይ ተቀምጬ ነው። ከቆቦ ስነሳ በእግሬ ኮንጎ ጫማ፣ በወገቤ ሽርጥ፣ በትከሻዬ ካራና ወስፌ የያዘ አንድ አቁማዳ ነበረኝ። ባቲን አልፈን በረሃው ሲከፈት ደገኞቹ ተሳፋሪዎች «ያ አላህ፣ ይሄማ እሳት ነው» እያሉ ሸሚዛቸውን ሲያወልቁ፣ እኛ ራያዎቹ ዝም አልን። ሙቀቱን ከቤታችን እናውቀዋለን። ባሕሩን ግን አናውቀውም። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ጠርዙ ላይ ቆሜ፣ ይህ ሁሉ ውኃ እያለ አንድ እግር ማሽላ የማይበቅልበት እንዴት ያለ አገር ነው ብዬ ተናደድኩ። እስካሁንም አልበረደልኝም። አሁን ዋጃ ላይ ውኃ ከምድር ሆድ እየሳቡ ሽንኩርት ሲያለሙ ሳይ ያ ንዴት ይመጣብኛል፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አላውቅም።

እዚያ ወቅት የሚታወቀው በአልጋ ነው። እኛ አገር በለስ ሲበስል ክረምት ነው፣ ጥንቅሽ ሲመጠጥ መኸር ነው እንደምንለው፣ አሰብ ደግሞ አልጋ ከቤት ሲወጣ በጋ፣ አልጋ ቤት ሲገባ ብርድ ነው። ብርድ ስል ብርድ እንዳይመስላችሁ፤ ፎጣ ትከሻ ላይ የሚጣልበት ማለቴ ነው። በታኅሣሥና በጥር ነፋሱ ይለዝባል፤ አንዳንዴ ካፊያም ይጥላል፤ ልጆች ከነልብሳቸው ወጥተው ይጨፍሩበታል። መጋቢት አጋምሶ ቆርቆሮው መተንፈስ ሲከለክል አንዱ ጀግና መጀመሪያ አልጋውን ደጅ ያወጣል። በነጋታው ሰፈሩ ሁሉ ተከትሎ ያወጣል። ያ ለእኔ ዓውደ ዓመት ነበር። «ይመር፣ ይቺን አጥብቅልኝ»፣ «ይመር፣ እግሯ ተነቃንቋል» የሚለው ሰልፍ ነው። አዲስ የገመድ አልጋ ዐሥራ ሁለት ብር፣ ማጥበቅ ሽልንግ። የመኖች በሸክላ ጉድጓድ ውስጥ ለጥፈው የሚያበስሉት ትልቅ ዓሣ ከነቂጣው ከብር አይበልጥም ነበር፤ እጄን እስከ ክርኔ ቅባት አድርጌ በልቼ በባሕር ውኃ እታጠብ ነበር። ዛሬ ቆቦ ላይ ዓሣ በቆርቆሮ ታሽጎ ይሸጣል፤ ዋጋውን ጠይቄ ትቼው ሄድኩ።

ወደ ማታ ግድም፣ ፀሐይዋ ውኃው ውስጥ ስትገባ፣ መንገዱ አልጋ ብቻ ይሆናል። መኪና አያልፍም፤ ቢያልፍም አልጋ አንሱልኝ ብሎ ለምኖ ነው። ሰው ከአልጋው ሳይነሳ ከጎረቤቱ ጋር ይጣላል፣ ሳይነሳ ይታረቃል። የራያ ልጆች አንድ አልጋ ላይ አምስት ስድስት ሆነን ተቀምጠን በአገራችን ዜማ እናዜማለን፤ የሠራሁት አልጋ ከሥራችን ይንቋቋል። ደገኞቹ ዜማችንን «ይሄ የግመል ዘፈን ነው» እያሉ ይሰድቡናል፤ ቆይተው ግን እነሱም ትከሻቸውን መነቅነቅ ይጀምራሉ።

አያ ሁሴን ጨው ላይ ነበር የሚሠሩት። እግራቸው በጨው ተሰነጣጥቆ የደረቀ መሬት ይመስል ነበር። ቤታቸው ከእኔ መሥሪያ ፊት ለፊት ነው። ሰይድ ያኔ ገና ጢም ያላወጣ፣ ሥራ ፈላጊ ነበር። ታላቅ እህቱ ዘሀራ ናት። ዘሀራ ሥራዬን ትጋራኝ ነበር። ከመርከብ የሚጣል እንደ ክንድ የወፈረ ገመድ ከወደብ አመጣለሁ፤ እሷ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እየፈታች ቀጭን ቀጭን አድርጋ ትሰጠኛለች፤ እኔ ወዲህ ማዶ ተቀምጬ እጠፍራለሁ። መኻላችን መንገዱ አለ። ቢጫ ሻሽ ነበራት። እንዲህ ብዬ ስጽፍ ሌላ ሻሽም ነበራት መሰለኝ፤ እኔ የማስታውሰው ቢጫውን ነው።

አንድ ቀን «የሰው አልጋ ስትጠፍር ትውላለህ፤ አንተ ግን ሰሌን ላይ ነው የምትተኛው» አለችኝ።

«ጫማ ሰፊም ባዶ እግሩን ነው የሚሄደው።»

«ለራስህ ለምን አትሠራም?»

«ምን ላድርገው? ብቻዬን ልገላበጥበት?»

ጎንበስ ብላ ገመዷን ፈታች። ሳቀች ይሁን ሳለች አላየሁም። ከዚያ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም። እኔ አፌ ለስድብ ይፈታል እንጂ ለሌላ ነገር አይታዘዘኝም። ዛሬም እንደዚያው ነኝ።

ከዚያ በኋላ ነው አያ ሁሴን የመጡት። አልጋ ማውጫው ሲደርስ ማለት ነው። ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «አንድ አልጋ እንድትሠራልኝ ነው። ሰፋ ይበል። በመርከብ ገመድ እንዳይሆን፤ በቆዳ ይሁን። ቆዳውን ከአገር አስመጣ» አሉኝ። በእኛ ቀዬ ሰፊ አልጋ፣ በበሬ ቆዳ የተጠፈረ፣ የልጅቱ ወገን የሚያሠራው፣ የሙሽራ አልጋ ነው። ጠፋሪው ለማን ነው ብሎ አይጠይቅም። መጠየቅ ማለት የሰው ልጅ ጓዳ እንደ መግባት ነው። አንገቴን ነቀነቅኩ። ሊሄዱ ሲሉ ዘወር አሉና «ለራስህ እንደምትሠራው አድርገህ ሥራው» አሉኝ።

አሁን እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ይህን ቃል የማይለኝ ደንበኛ አልነበረም። ፖሊሱም ይለኛል፣ ልብስ ሰፊውም ይለኛል፣ ሻይ ቤት ያላትም ትለኛለች። ሰው ለእጅ ባለሙያ ሥራ ሲሰጥ የሚለው ይህንኑ ነው። ከሰላምታ ይልቅ እሱን ነበር የምሰማው። እንደ ሁልጊዜውም «እሺ፣ ኢንሻአላህ» ብዬ አለፍኩት።

አልጋውን ሠራሁ። ቆዳው ከቆቦ በሾፌር መጣልኝ። ነከርኩት፤ ፀጉሩን ፋቅኩት፤ ከዳር ጀምሬ እየዞርኩ ሳይበጠስ እስከ እምብርቱ አንድ ወጥ ጠፍር አወጣሁለት። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ አልጋ አልሠራሁም። ስሠራው ጥርሴን ነክሼ ነው። በዚያው ሰሞን ቴትረን ሱሪ የለበሰ አንድ የወደብ ጸሐፊ እነሱ ቤት ይመላለስ ነበር፤ ሱሪው ተተኩሶ እንደ ካራ የሚቆርጥ ነው። የኔ ሱሪ አንድ ነው፤ እሱም ከሙጫ ጋር ተዋዷል። ሒሳቡን ያለ ማንም እርዳታ ደመርኩት። አልጋውን ተሸክሜ ሳደርስ አያ ሁሴን ደጃፍ ቆመው «ወደድከው?» አሉኝ። «አልጋ ነው» አልኳቸው። ትንሽ ቆሙ። የሆነ ነገር የሚጠብቁ ይመስል ነበር። በሥራው ቅር ያላቸው መስሎኝ ተናደድኩና መዶሻዬን አንስቼ ወጣሁ።

የሰው ሰርግ ላይ ተቀምጬ ሥጋ አልጎርስም ብዬ አልጋዎቹ ሁሉ ደጅ ወጥተው ሳያልቁ ወደ ቆቦ በሚመለስ መኪና ተሳፈርኩ። ለማንም አልነገርኩም። ቆቦ ላይ ሚስት አገባሁ፤ ክፉ አልኖርንም፤ አላህ ይማራት። ከዚያ ዘመን ተገለበጠ፤ አሰብም የሰው አገር ሆነና መንገዱ ተዘጋ። እኔም ስፖንጅ ፍራሽ መጥቶ ሥራዬን ሲበላው እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። አሁን ሰው ሁሉ ላብ እያጠመቀው ስፖንጅ ላይ ይተኛል፤ ወገቤን አመመኝ ይላል። ይበለው።

ሰይድ በሆዴ የነበረውን አያውቅም። ሽንኩርቱን እየገላበጠ እንደ ዋዛ «ለመሆኑ ያኔ ለምን ሄድክ?» አለኝ።

«ለምን አልሄድም?»

«አባቴ እስኪሞት በአንተ እንዳዘነ ነው። ያን አልጋ ለአንተ ነበር ያሠራው።»

«ለእኔ ምን?»

«ለአንተና ለዘሀራ ነዋ።»

ሽንኩርት ተራው ዞረብኝ። «ነግረውኛል?» አልኩት።

«ነግሮሃል እንጂ። ለራስህ እንደምትሠራው ሥራው አለህ። ከዚህ በላይ ምን አማርኛ አለ?»

«እንዴ፣ ሁሉም ሰው እኮ ነው እንደዚያ የሚለኝ።»

«ታዲያ ምን ይበልህ? ልጄን ውሰድልኝ ብሎ ይለምንህ? የሴት አባት ነው እኮ። ነውር ነው።»

«ነውር ነው ብለው እንቆቅልሽ ይጥሉብኛል?»

«ሰፊ አልጋ፣ በቆዳ፣ ከአገር ቆዳ» እያለ በጣቱ ቆጠረልኝ። «ላም እንኳ ይገባት ነበር።»

«ያ ቴትረን ሱሪስ?»

«የቱ? እሱማ እኔን ወደብ ሊያስቀጥረኝ ነበር የሚመላለሰው። አልተሳካም።»

አንዲት ሴት መጥታ ሽንኩርቱን «ይቺ ናት እንዲህ የምታስጠራው?» ብላ አጣጣለችበት፤ እሱም ሽንኩርቴ ተሰደበ ብሎ ተከራከረ። እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር። ሲመለስልኝ የቀረውን ነገረኝ። ዘሀራ ከአሰብ ከወጡ በኋላ ኮምቦልቻ ላይ አግብታ ነበር፤ ባሏ ሞቶ አሁን ዋጃ፣ እሱ ቤት ናት። ትንፋሽ ያጥራታል። ቤት ውስጥ ተኝታ ታፈንኩ ትላለች። የብረት አልጋ ደጅ ቢያወጡላት ፀሐይ ያግለዋል፤ ስፖንጁ ያልባታል።

«ጠፍር አልጋ ካልሆነ አልተኛም ብላ አስጨንቃናለች። ጠፋሪ ጠፋ። ይኸው አላህ አገናኘን» አለኝ።

ልሂድ አልሂድ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ሥራው አይደለም ያሳሰበኝ። ማወቅ ፈልጌ ነው። ያ አልጋ የእኔ ነበር ወይስ አልነበረም? የእኔ ከነበረ አንድ ሙሉ ሕይወት በአንዲት ተራ ቃል ምክንያት ከጄ አመለጠ ማለት ነው። ካልነበረ ደግሞ ሰይድ አርጅቶ ይቀባጥራል። ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ቆዳ እንደ ድሮ በወርቅ የሚፈለግ አይደለም፤ አሁን ከብት ታርዶ ቆዳው ለውሻ ይጣላል። ከሥጋ ቤት ኋላ አንዱን አንስቼ ነከርኩ። ስቆርጠው ሁለት ቦታ ሳስቶብኛል። በሚኒባስ ጭኜ ዋጃ ወረድኩ። እርጥብ ቆዳው ሸተተ ብሎ ረዳቱ ሰደበኝ፤ እኔም ሰደብኩት፤ ተግባባን።

ዘሀራ ቁርቁራ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ከስታለች። ድምጿ ግን ያው ነው።

«መጣህ» አለች።

«መጣሁ።»

«ሳትሰናበት ሄደህ፣ ሳትጠራ ትመጣለህ?»

«ሰይድ ጠርቶኛል።»

«ሰይድማ ማንን የማይጠራ አለ።»

የአልጋውን እንጨት ሰይድ አናጢ አስመትቶ ቆይቶኛል። ተቀምጬ መጠፈር ጀመርኩ። እሷ እንደ ድሮው እጄን ታያለች። የሰይድ ሚስት ሻይ ይዛ መጣች፤ ልጆቻቸው ከበቡን። ጠፍሩን ግማሽ ድረስ ከወጠርኩ በኋላ ምንም ሳላለዝብ ጠየቅኳት።

«ያ ሰፊው አልጋ ለማን ነበር?»

«የቱ ሰፊ?»

«አባትሽ አሰብ ያሠሩኝ። በቆዳ የተጠፈረው።»

«እሱማ የራሱ የአባቴ ነበር። ወገቡን ያመው አልነበር? ሲተኛ ይገላበጣል፤ ጠባቡ ላይ ሁለቴ ወድቋል።»

ሰይድ «ውሸቷን ነው» አለ ከበሩ።

«አንተ ያኔ ሥራ ፍለጋ ወደብ ለወደብ ስትዞር ቤት መቼ ተቀመጥክና ታውቃለህ?»

«ለራስህ እንደምትሠራው አድርገህ ሥራው ብለውኝ ነበር» አልኳት።

«አባቴ ለማን እንደዚያ የማይል ነበር? ፀጉር ቆራጩንም ‹ለራስህ እንደምትቆርጠው አድርገህ ቁረጠኝ› ይለው ነበር። ሰውዬው ራሰ በራ ነው።»

ልጆቹ ሳቁ፣ የሰይድ ሚስት ሳቀች፣ ሰይድም ሳይወድ ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። ግራ ገባኝ። የሰይድን ቃል ስይዝ አያ ሁሴን ደጃፍ ቆመው «ወደድከው?» ሲሉኝ ይታየኛል፤ የአማች ዓይን ነበር። የእሷን ቃል ስይዝ ደግሞ እኒያው ሰውዬ ወገባቸውን በእጃቸው ደግፈው ሲቆሙ ይታየኛል፤ የበሽተኛ ዓይን ነበር። ሁለቱም እውነት ይመስላል። በሁለቱም በኩል ግን የሚያገባት ሌላ ሰው አልነበረም፤ በሁለቱም በኩል ሞኙ እኔ ነኝ። ደግሞስ ሴትዮዋ ክብሯን እየጠበቀች ቢሆንስ? ወይም የእኔን ክብር? ቢጫ ሻሽ ነበረሽ ልላት አልኩና ተውኩት፤ ነጭ ነበር ብትለኝ ምን ይቀረኛል። ትንሽ ቀደም ብሎ ወደቡ ከቤታችን በስተግራ ነው ስል በስተቀኝ ነው ብላኝ ነበርና።

«አንቺስ?» አልኳት ቀስ ብዬ፣ ልጆቹ ሲበተኑ።

«እኔ ምን?»

«አንቺ ለማን መስሎሽ ነበር?»

ጠፍሩን በጣቷ ነካ አደረገች። ከዚያ «በእግሩ በኩል አጥብቀው። ላልቷል» አለች።

አጠበቅኩት። ስጨርስ ተደግፋ ወጥታ ጋደም አለችበት። በሁለቱም ጎኗ ተገላበጠች።

«ረግቧል» አለች።

«እርጥብ ስለሆነ ነው። ይህ የባሕር ወበቅ ያለበት አሰብ አይደለም፤ የዋጃ ፀሐይ በጥቂት ቀን ከበሮ ያደርገዋል። ከእንግዲህ ሰው አይነካውም።»

«ባይጠብቅስ?»

«ይጠብቃል አልኩሽ።»

«አንተ ደግሞ ሁሉን ታውቃለህ። ሲደርቅ መጥተህ እየው።»

ሲደርቅ ሄድኩ። ሽንኩርት የሚጭኑበት ቀን ስለነበር ሰይድ ግቢው ውስጥ ሽር ጉድ ይላል። እሷ አልጋዋ ላይ ናት፤ ቁርቁራው ጥላውን ጥሎባታል። ጠጋ ብዬ ጠፍሩን በመዳፌ መታሁት። ድም አለ። ሠርግ ቤት የሚያስጠራ ከበሮ ነው። ጣቴን በጠፍሮቹ መኻል ላስገባ ብሞክር አልገባ አለኝ።

«ጠብቋል» አልኩ።

«ረግቧል» አለች።

ሰይድ ጆንያውን እንደተሸከመ ቆሞ አፉን ሊከፍት ሲል ዞራ አየችው። ጆንያውን ይዞ ሄደ።

«የቱ ጋ ነው የረገበው?» አልኳት።

«ሁሉም ጋ።»

ፊቷን አየሁት። ምንም አይነበብበትም፤ እኔም ንባብ ዘግይቼ ነው የጀመርኩት። በደረቅ ጠፍር ላይ ማንም ጠፋሪ እጁን አያነሳም፤ ሳይርስ አይፈታም፤ ከራሰ ደግሞ እንደገና ቀናት ፀሐይ ይፈልጋል፤ ጠፋሪውም ሲደርቅ ተመልሶ መጥቶ ማየት አለበት።

«እንግዲያው ተነሺልኝ» አልኳትና ለሰይድ ሚስት ድምፄን ከፍ አድርጌ ውኃ አምጪልኝ አልኩ።